ለዘወትር የሚሆን ርካሽ የኩባ ሲጋር አመራረጥ፦ ከሀ እስከ ፐ

የኩባ ሲጋር ሲባል ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ኮሂባ ነው። ለትልቅ ቀን ብቻ የሚወጣ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ነገር። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ወገን ነው። ከሥራ መልስ ቁጭ ተብሎ፣ ዋጋው ሳይቆረቁር ስለሚጨሰው ሲጋር። እንዲህ ያለ ሲጋር ከኩባ ይወጣል፤ ጥሩ ጥሩም አለው። ብቻ አመራረጡን ማወቅ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በዚህ የዋጋ መደብ ጥሩውና መጥፎው ጎን ለጎን ተደርድሮ ነው የሚሸጠው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በመጠነኛ ገንዘብ ጥሩ የኩባ ሲጋር የሚገኘው በ2 መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከታወቀ ብራንድ አጠር ቀጠን ያለውን መውሰድ። ሁለተኛው፣ በቁርጥራጭ ቅጠል የተሠራውን ባሕርይውን አውቆ መግዛት። ትልቅም፣ ዝነኛም፣ ርካሽም የሆነ አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ወይ ሐሰተኛ ነው የሚሸጥላችሁ፣ ወይ የተበላሸ።

1. መጀመሪያ ሰዓታችሁን እዩ

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "የትኛው ብራንድ?" ሳይሆን "ስንት ደቂቃ አለኝ?" ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሲጋር ገዝቶ ግማሹን መጣል ገንዘብ ማቃጠል ነው። የዘወትር ሲጋር እስከ መጨረሻው የሚጨስ መሆን አለበት።

ሲጋር በርዝመትና በውፍረት ይለካል። ውፍረቱ የሚቆጠረው በኢንች 64ኛ ነው። ስለዚህ 42 የተባለ ሲጋር ውፍረቱ 42/64 ኢንች ነው፤ ወደ 17 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። በኩባ ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ልክ የራሱ ስም አለው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት 3 ናቸው። ፔርላ 40 ውፍረት፣ 102 ሚሊሜትር ርዝመት ነው፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይሄዳል። ሚኑቶ 42 በ110 ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ማሬቫ 42 በ129 ነው፤ በገበያው ፔቲ ኮሮና የሚባለው እሱ ነው፣ ረጋ ብሎ ለሚያጨስ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። "ለዘወትር" ስል በየቀኑ አጭሱ ማለቴ አይደለም። ሲጋር ጭሱ ወደ ሳንባ ባይገባም እንኳ ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ይገባል፤ የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ጉዳት የሌለው መጠን የለም። አሳንሶና አራርቆ ማጨስ ለኪስም ለጤናም ይሻላል፤ አጭር ልክ የምመርጥበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

2. ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ

የዋጋው ልዩነት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሲጋር 3 ክፍል አለው፦ ከውጭ የሚታየው መጠቅለያ ቅጠል፣ ከሥሩ ያለው ማሰሪያ ቅጠል፣ እና የውስጡ ቅጠል። ውድ የሚባሉት የውስጥ ቅጠላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ የሚሄድ ረጅም ቅጠል ነው፤ ኩባዎቹ ትሪፓ ላርጋ ይሉታል። ርካሾቹ ደግሞ ረጅሙ ሲጋር ሲሠራ ከሚተርፈው ቁርጥራጭ ይሠራሉ፤ ይሄ ትሪፓ ኮርታ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በማሽን የሚጠቀለለው ነው።

ቁርጥራጭ ስለተባለ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ቅጠሉ ያው የኩባ ቅጠል ነው፤ የሚጠቀለለውም በሰው እጅ ነው። ልዩነቱ በሚነድበት ጊዜ ይታያል። ቁርጥራጩ መሃል ለመሃል ብዙ ክፍተት ስላለ አየር በቀላሉ ያልፋል፤ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ አመዱም ሳይጠነክር ይወድቃል። ጣዕሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙም አይቀያየርም። በአንጻሩ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀጭን ረጅም ቅጠል ሲጋር አንዳንዴ ጠቅላዩ አጥብቆት ጭሱ እምቢ ይላል፤ ቁርጥራጩ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አያጋጥምም።

ደግሞ በቀለም አትታለሉ። ጠቆር ያለ መጠቅለያ ከባድ፣ ነጣ ያለው ቀላል ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ኃይሉን የሚወስነው በውስጡ ያለው ሊጌሮ የተባለው፣ ከተክሉ ላይኛው ክፍል የሚለቀም ቅጠል መጠን ነው። ያንን ደግሞ ከውጭ አይታችሁ አታውቁትም።

3. ስሞቹን ለዩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሆሴ ኤል. ፒዬድራ። ከኩባ በእጅ ከሚጠቀለሉት መካከል ከርካሾቹ ተርታ የሚመደብ ነው። ቅጠሉ የሚመጣው ከደሴቲቱ መካከለኛ ክፍል፣ ቩዌልታ አሪባ ከሚባለው አካባቢ ነው። ቁርጥራጭ ቅጠል ነው። መጠቅለያው ሻካራ ነው፣ ጅማቱ ይታያል፣ አንዳንዱ ጠማማ ነው። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለመልኩ ብላችሁ አትመልሱት። ጣዕሙ የአፈርና የእንጨት ነው፣ ትንሽ ሸካራ፣ ግን ሐቀኛ። እኔ የምመክረው ብሬባስ የሚባለውን ነው፤ 42 ውፍረት፣ 133 ሚሊሜትር። ካሳዶሬስ የሚባለው 152 ሚሊሜትር ስለሆነ የመጨረሻው ሢሶው ይመርራል፤ ካልተቸኮለ ግን እሱም ይጨሳል። በ5 በ5 በካርቶን ፓኬት ስለሚሸጥ ለመሞከር አይከብድም።

ኪንቴሮ። በ1920ዎቹ አጉስቲን ኪንቴሮና ወንድሞቹ በሲየንፉዌጎስ ከተማ የጀመሩት ብራንድ ነው። እሱም ቁርጥራጭ ቅጠል ነው፤ ከፒዬድራ ግን ለስለስ ይላል። ፋቮሪቶስ የሚባለው አጭርና ወፍራም ነው፣ 50 በ115። ወፍራም ስለሆነ ጭሱ ይበዛል፣ ሙቀቱም ከቀጭኑ ያነሰ ነው። ከርካሾቹ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እጄ የሚሄደው ወደዚህ ነው።

ቬጌሮስ። ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ያሳዝነኛል። በ2013 በአዲስ መልክ የወጣ ሲሆን ረጅም ቅጠል ነው፤ ቅጠሉም ምዕራብ ኩባ፣ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ካለው ቩዌልታ አባሆ ነው። ዝነኞቹ የሚሠሩት ከዚሁ አካባቢ በሚለቀም ቅጠል ነው። ማንያኒታስ (46 በ100)፣ ታፓዶስ (46 በ120) እና ኤንትሬቲዬምፖስ (52 በ110) የሚባሉ ልኮች አሉት። በቆርቆሮ ሣጥን ይመጣል። ጠንከር ያለ ስለሆነ በባዶ ሆድ አይሞከርም። ረጅም ቅጠል በርካሽ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የታወቁት ብራንዶች ትንንሾች። ከፓርታጋስ ሚል ፍለርስ፣ ከሮሜዮ ኢ ሁሊዬታም በዚያው ስም ሚል ፍለርስ አለ። ሁለቱም 42 በ129 ናቸው። የፓርታጋሱ ጠንከር፣ የሮሜዮው ለዘብ ይላል። ከፖር ላራንያጋ ፔቲ ኮሮናስ አለ፤ ያው ልክ ነው፣ ካራሜል የሚመስል ጣፋጭነት አለው፣ በደንብ ካረፈ ደግሞ ከዋጋው በላይ ነው። ከሚኑቶ ልክ የፓርታጋስ ሾርትስና የራሞን አዮኔስ ስሞል ክለብ ኮሮናስ አሉ። ከፔርላ ልክ ደግሞ የራፋኤል ጎንሳሌስ ፔርላስና የሞንቴክሪስቶ ቁጥር 5። ከእነዚህ የትኛውንም ብትወስዱ ብራንዱ በትልልቆቹ ሲጋሮቹ የሚታወቅበትን ጣዕም በአነስተኛ መጠን ታገኛላችሁ። ኤች. አፕማን ሃፍ ኮሮና (44 በ90) ቀዝቃዛ አየር ላይ ቆሞ ለሚያጨስ ጥሩ ነው፤ ከመቀዝቀዛችሁ በፊት ያልቃል።

ጓንታናሜራ እና ሚኒ የሚባሉት ትንንሾች። በማሽን የተሠሩ ናቸው። ትምባሆው ኩባ ነው፣ ግን ደረቅና አንድ ወጥ ጣዕም ነው ያላቸው። ለዋጋው ልዩነት ብላችሁ ከኪንቴሮ ወደ ታች አትውረዱ።

4. ዋጋው ለምን እንደናረ፣ የት እንደሚገዛ

ከ2022 በፊት የተጻፉ የ"ርካሽ ኩባ" ዝርዝሮችን ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ ዛሬ አይሠሩም። በዚያ ዓመት የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚያከፋፍለው ሐባኖስ ኤስ.ኤ. የኮሂባንና ትሪኒዳድ የተባለውን ሌላ ውድ ብራንድ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ከፍ ካለው የሆንግ ኮንግ ዋጋ ጋር አስተካከለ፤ የሌሎቹም ተከትሎ ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ገደማ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮን መታ። ቅጠሉ ተሰቅሎ የሚደርቅባቸው የእንጨት ቤቶች በሺዎች ፈረሱ። እጥረቱ ገበያውን አጨናነቀው፤ ድሮ የሁሉ ሰው የዘወትር ሲጋር የነበረው ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 ዛሬ በብዙ አገር የዘወትር ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው በዝርዝሬ ያላስገባሁት እንጂ ሲጋሩስ ጥሩ ነው።

ከዚያ በላይ ዋጋውን የሚቀይረው የየአገሩ ቀረጥ ነው። እንግሊዝ ቀረጡን በክብደት ነው የምታስከፍለው፤ እዚያ ቀጭንና አጭር መግዛት በቀጥታ ያተርፋል። ስፔን ውስጥ ደግሞ የትምባሆ ዋጋ በመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ ስለሚወጣ በየትኛውም ሕጋዊ የትምባሆ ሱቅ አንድ ነው፤ ስለዚህ "እኔ ጋ ቅናሽ አለ" የሚል ሰው ካለ ዕቃው ከየት እንደመጣ ጠይቁት። አሜሪካ ውስጥ በ1962 ከተጣለው ማዕቀብ ጀምሮ የኩባ ሲጋር መሸጥ ክልክል ነው፤ ተጓዦች ለራሳቸው ይዘው እንዲገቡ ተፈቅዶ የነበረውም በ2020 ተሽሯል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ ኢ ሁሊዬታ ብታዩ በዶሚኒካን ወይም በሌላ አገር የተሠራ፣ ስሙ ብቻ አንድ የሆነ ሌላ ሲጋር ነው። መጥፎ ነው አላልኩም። ኩባ ግን አይደለም።

ሃቫና መንገድ ላይ "ዘመዴ ፋብሪካ ይሠራል፣ በግማሽ ዋጋ አወጣልሃለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አትከተሉት። አስመሳዮች ዓይናቸው በዋናነት ኮሂባና ሞንቴክሪስቶ ላይ ነው፤ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሣጥን ለምሳሌ ፋብሪካው ስለማያወጣ ሁልጊዜ ሐሰተኛ ነው። ፒዬድራን ወይም ኪንቴሮን አስመስሎ መሥራት ግን እምብዛም አያዋጣቸውም፤ ርካሹን የመምረጥ አንዱ ሰላሙ ይሄ ነው።

ኩባ ውስጥ ትምባሆ የሚመረትበት ቪንያሌስ ሸለቆ ሄዳችሁ ከገበሬው እጅ ቀለበት (የብራንዱ ስም ያለበት ወረቀት) የሌለው ሲጋር ብትገዙ ደግሞ ሐሰተኛ አይደለም፤ የገበሬው ነው። ገበሬው አብዛኛውን ምርት ለመንግሥት አስረክቦ የተረፈውን ነው የሚጠቀልለው። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ስታጨሱት ደስ ይላል። ለዓመት ስንቅ ግን አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ እንደ ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ ስላልበሰለ ቤት ከገባ በኋላ የሚጎመዝዝ ይሆናል።

5. ሱቅ ውስጥ በእጃችሁና በአፍንጫችሁ

ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሲጋሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያዙት። ከሚለኮሰው ጫፍ ጀምራችሁ አፍ ውስጥ ወደሚገባው ጫፍ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛው ትንሽ ገባ ይልና ይመለሳል። ቀለበቱ አካባቢ እንደ ጠጠር የጠነከረ ቋጠሮ ካገኛችሁ ተዉት፤ ጭሱ እዚያ ይታፈናል። ገባ ብሎ የሚቀር ባዶ ቦታም ጥሩ አይደለም፣ እዚያ ሲደርስ እሳቱ ይሮጣል። ስትጫኑት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል።

ቀጥሎ ጫፉን እዩ። ቁርጥራጩ እየተበተነ የሚረግፍ ከሆነ ወይ ደርቋል ወይ በግድየለሽነት ተጠቅልሏል። ክብ የሆነች የመርፌ ራስ የምታክል ቀዳዳ ከጎኑ ካያችሁ ነቀዝ ነው፤ እሱን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሣጥን የቀሩትንም አትግዙ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ፀጉራም ነገር ጫፉ ላይ ካለ ሻጋታ ነው። ከዚያ አሽትቱት። የጎተራ፣ የደረቀ ሣር፣ የቆዳ ሽታ ጥሩ ነው። አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ካለው ገና አልበሰለም፤ ወራት ማረፍ አለበት።

ሙሉ ሣጥን ከሆነ ገልብጡት። ከሥሩ በማኅተም የተመታ ኮድ አለ፤ ከ2000 ወዲህ ወሩ በስፔንኛ ስሙ የመጀመሪያ 3 ፊደላት፣ ዓመቱ ደግሞ በ2 አኃዝ ይጻፋል። ሁለት ሣጥን ቀርቦላችሁ ዋጋው እኩል ከሆነ አሮጌውን ውሰዱ። አረንጓዴው የመንግሥት ዋስትና ማኅተምም መኖር አለበት፤ ከ2009 ወዲህ ያለው የሚያብረቀርቅ ሆሎግራምና ባርኮድ አለው።

6. ጥቂት ግዙና አሳርፉ

መጀመሪያ ቀን ሣጥን አትግዙ። ከ3 ዓይነት 2 ወይም 3 ፍሬ ውሰዱ። ለምሳሌ ኪንቴሮ ፋቮሪቶስ፣ ቬጌሮስ ታፓዶስ፣ ፓርታጋስ ሚል ፍለርስ። እንደገዛችሁ ወዲያው አትለኩሱት። መንገድ ላይ አየር ተቀያይሮበታል፤ 2 ሳምንት ቢያርፍ ሌላ ሲጋር ነው የሚሆነው።

ለማሳረፍ ውድ የእንጨት ሣጥን አያስፈልግም። በደንብ የሚዘጋ፣ ሽታ የሌለው የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ፣ አንድ 65 ፐርሰንት የሚል የእርጥበት ፓኬት እና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። ብዙ ቦታ 70 ፐርሰንት ተብሎ ይነገራል፤ ለኩባ ሲጋር ግን ከ62 እስከ 65 ነው የሚሻለው። ሲረጥብ አይነድም፣ ይመርራል፣ ይጠፋል፣ ደጋግማችሁ ትለኩሱታላችሁ። ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ሙቀት ሲጨምር ቅጠሉ ውስጥ ያለ የነቀዝ እንቁላል ይፈለፈላል፤ ሙቀት የሚበዛበት ቤት ከሆነ ሲጋሩን በፕላስቲክ አሽጎ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ ማውጣት ያድናል። በቀጥታ ወደ ሙቅ ክፍል ከወጣ መጠቅለያው ይሰነጠቃል።

የደረቀ ሲጋር ላይ ውኃ አትርጩ። እርጥበቱ በሳምንታት ቀስ ብሎ ይመለስ።

7. ርካሹን በአግባቡ አጭሱት

ርካሽ ሲጋር መጥፎ ስም የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ በአጫሹ ጥድፊያ ነው። ቁርጥራጭ ቅጠል ከሆነ ቆቡን (አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ የሚሸፍነውን ቅጠል) በጣም ትንሽ ብቻ ቁረጡ፤ ሰፊ ከተቆረጠ ፍርፋሪው ምላስ ላይ ይመጣል። ሳትለኩሱ አንዴ ሳቡት፤ አየሩ በቀላሉ ካለፈ ልክ ነው። ከዚያ እሳቱን ሳታስነኩ ጫፉን ዙሪያውን አሙቁት፤ ጠርዙ እኩል ሲቀላ ነው መሳብ የሚጀመረው።

በደቂቃ አንዴ ይበቃል። ቁርጥራጭ ቅጠል ደግሞ ከዚያም ቢራራቅ አይጠፋም። ሲጋሩ በጣታችሁ መሃል ሲሞቅ ከተሰማችሁ አስቀምጡትና ይቀዝቅዝ። አመዱን አታስረዝሙ፤ የረጅም ቅጠሉ አመድ ይቆማል፣ የፒዬድራው ግን ልብሳችሁ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቶሎ ቶሎ መተርኮሻው ላይ አራግፉት። መምረር ሲጀምር ደግሞ ተዉት። ደፍጥጣችሁ አታጥፉት፣ ክፍሉን ያገማዋል። መተርኮሻው ላይ ሲተው ራሱ ይጠፋል።

8. ከዚያ ሣጥን

ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ካጨሳችሁ በኋላ ሁለተኛውን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ሞክሩት። በእጅ የተሠራ ነገር ስለሆነ አንድ ፍሬ መሠረት አይሆንም። 3ቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከጨሱና አራተኛው ካማራችሁ ሣጥኑ ይገባል ማለት ነው። ሣጥን ስትገዙ የፍሬ ዋጋው ይቀንስ እንደሆነ አስሉ፤ ዋጋው በሕግ በተወሰነበት አገር አይቀንስም፣ ስለዚህ እዚያ ብዙ የመግዛት ጥቅሙ አንድ ኮድ ያለው፣ ተመሳሳይ ሲጋር ማግኘት ብቻ ነው። የረጅም ቅጠሎቹን ሣጥን ግማሹን ለዓመት አስቀምጡት፤ ፖር ላራንያጋና ሚል ፍለርስ በዚህ በጣም ይሻሻላሉ። ፒዬድራና ኪንቴሮ ከጥቂት ወር በላይ ቢቆዩ ብዙ አይጨምሩም፤ እነሱን እንደጨረሳችሁ እየተካችሁ ግዙ።